ለጸጥተኛው የሕፃናት ክፍል የቀረበ ጩኸት የበዛበት ምስጋና

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉሮሮዎ፣ ሳንባዎ፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና ነው? እኛ ቤት ሁሉም አማን ነው። ደረቱን ታሞ እርስዎ ዘንድ ተኝቶ የነበረው የወንድሜ ልጅ፣ የሰባት ወሩ ጌታ፣ ዛሬ ጠዋት የአባቱን መነጽር ነጥቆ ወርውሮ በደስታ ሲጮህ ጎረቤት በሩን ከፍቶ አይቶናል። በዚህ የጋዜጣ ዓምዴ ከሰርግና ከጎረቤት ወሬ አልፌ የማላውቅ ሴት ለእርስዎ ብዕር ማንሳቴ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን በሆስፒታልዎ ያየሁትን መልካም ሥራ ሁሉ ለራሴ ብቻ ብይዘው ንፉግነት ስለሚሆንብኝ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በሕፃናት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ስላሰቀሉት የድምፅ መለኪያ ሳጥን ከልብ አመሰግናለሁ። ጸጥ ሲል አረንጓዴ፣ ድምፅ ሲሰማ ቀይ የሚያበራው ይህ ሳጥን፣ ሆስፒታላችን በጸጥታ ውድድር አንደኛ እንዲወጣ ታስቦ የመጣ መሆኑ ተነግሮናል። ያልታሰበ ነገር ቢኖር፣ ጥሩ ሳል መብራቱን እንደሚያቀላው ልጆቹ የሚደርሱበት መሆኑ ብቻ ነው። እናቶች ሁሉ «ኮማንደር» የሚሏት፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ የአስም ታማሚ ልጅ፣ አልጋዋ ላይ ቆማ «አሁን ያበራው የኔ ሳል ነው!» ስትል፣ ከማዶ አልጋ «ሂጂ ወደዚያ፣ ያንቺማ ዝንብ አያባርርም!» የሚል መልስ ይመጣል፤ ከዚያማ ክፍሉ በሙሉ ይስላል፣ ሳጥኑም እንደ ሰርግ ቤት ቦግ እልም ይላል። የክፍሉ ኃላፊ ነርስም ከወዲያ «ሳሉልኝ የኔ አንበሶች፣ አክታው ይውጣ! አፋችሁን በክንዳችሁ!» እያሉ ያጋግሉታል። እኚህን ነርስ እናቶች «ሲስተር መለከት» ብለው ስም አውጥተውላቸዋል፤ ምክንያቱን ድምፃቸውን አንዴ የሰማ ሰው አይጠይቅም። እንግዲህ ሳንባ የሚያጸዳ ጨዋታ ለልጆቻችን ስለገዙልን፣ ባያውቁትም እንኳ፣ ምስጋናችን ይድረስዎ።

ሁለተኛ፣ «ሕፃናት በአልጋቸው ላይ በጀርባቸው ይተኙ፣ አንሶላ አይጨማደድ፣ እናቶች ልጅ ታቅፈው አልጋ ላይ አይቀመጡ» የሚለው በፊርማዎ የወጣው ትእዛዝ እጅግ አስደስቶኛል። አንሶላዎቹ በእርግጥም ተመችቷቸው ነበር። ቅር ያላቸው ልጆቹ ብቻ ናቸው። የእኛው ሕፃን በጀርባው ሲንጋለል የጎድን አጥንቶቹ ሥር እየሰረጎደ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ እየተነፋ፣ ጡት ይይዝና ወዲያው ይለቅ ነበር። ሲስተር መለከት ትእዛዝዎ ከተለጠፈበት ግድግዳ ሥር ቆመው የወንድሜን ሚስት «ቀና አድርጊው እንጂ የኔ እህት! አንገቱን አታጥፊበት፣ ደረትሽ ላይ፣ እንዲህ! አየሽ፣ አሁን መተንፈሻው ተከፈተለት» አሏት። ቀጥለውም የጨው ውሃ ጠብታ አፍንጫው ውስጥ ጨምረው ንፍጡን ሳቡለትና «አፍንጫው ተደፍኖ እንዴት ይጥባ? እስቲ አንቺ አፍሽን በዳቦ ሙዪና እኔ አፍንጫሽን ልያዝልሽ!» ብለው ክፍሉን በሳቅ አፈረሱት። ትንሽ ትንሽ፣ እያረፈ እንዲጠባም አዘዙ። ከተጋቡ ጀምሮ የእኔን አንዲት ምክር ሰምታ የማታውቀው የወንድሜ ሚስት አንገቷን ደፍታ «እሺ ሲስተር» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ለዚህ ተአምር ብቻ እንኳ ሲስተሯ ሽልማት ይገባቸው ነበር። በነገራችን ላይ፣ አንሶላው ተጨማዷል፤ በቤተሰቡ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ወርቃማው ኮከብ ነው። «የሳምንቱ ጸጥተኛ ሕፃን» የሚል ሽልማት አቋቁመው፣ ፎቶ አንሺ አስከትለው ሲዞሩ፣ ከእኛ አልጋ ዘንድ ቆሙ። ልጃችን አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተደርጎለት ሌሊቱንና ጠዋቱን ለትንፋሽ ሲታገል ቆይቶ ያን ጊዜ ዝም ብሎ ነበር። የኦክስጅን መለኪያው መሣሪያ ደግሞ፣ ለሳጥኑ ሲባል ድምፁ እንዲቀነስ በማዘዝዎ፣ ከትንኝ ያነሰ ጢዝዝታ ብቻ ያሰማል። እርስዎም «እንዲህ ነው ልጅ! እናቱ አሳድጋዋለች!» ብለው ኮከቡን አልጋው ራስጌ ለጠፉ። እኛም ሞኞቹ፣ ልጁ እፎይ ያለ መስሎን፣ ለፎቶ ፈገግ አልን። ሲስተር መለከት መድኃኒት ይዘው ሲገቡ ኮከቡን አላዩትም፤ የልጁን ደረትና ከንፈር አዩ። ከዚያ የሰማነውን ድምፅ ከዚያ ክፍል ርቆ ያለው የዘበኛ ቤትም ሰምቶታል፦

«ይሄ ልጅ አልተኛም፣ ተዳክሟል! ዶክተሩን ጥሩልኝ! እርስዎም ዞር ይበሉ ጌታዬ፣ የኦክስጅኑ ቱቦ ላይ ቆመዋል!»

ክቡር ሆይ፣ ቆመው ነበር። ያማረ፣ በደንብ የተወለወለ፣ ተረከዙ ጠንካራ ጫማ ነበር። እግርዎን ሲያነሡ ቱቦው ተቃንቶ አየሩ ተለቀቀ፤ ሲስተሯ ልጁን ቀና አድርገው ኦክስጅኑን ጨመሩለት፣ አፍንጫውን እንደገና ጠረጉለት፣ ዶክተሩም እየሮጠ ደረሰ። የወንድሜ ሚስት ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «አክስቱ፣ ለምን አያለቅስም? አልቅሶ በሞተልኝ... ኧረ ምን እያልኩ ነው!» አለች። ከዚያ አለቀሰ። እንዴት ያለ ልቅሶ መሰለዎት! ሳጥኑ ደም መሰለ፣ ኮማንደሯ «አበራው! አበራው!» እያለች ጨፈረች፣ ማዶ አልጋ ያለው ባላንጣዋም አጨበጨበ፣ የወንድሜ ሚስትና እኔ፣ በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ ተቃቀፍን። እርስዎ ግን በዚያ ሁሉ ሆታ መሐል ጣትዎን ከንፈርዎ ላይ አድርገው «እሽሽ» አሉን። ለዚህ ጽናትዎ የሚበቃ ቃል ስለሌለኝ አልፈዋለሁ።

አራተኛ፣ ያለፈው ሰኞ ሲስተር መለከትን «የክፍሉን ጸጥታ በማደፍረስ» ከሕፃናት ክፍል አንስተው የአንሶላ መጋዘን ኃላፊ ስላደረጓቸው አመሰግናለሁ። አንሶላዎቹ አሁን በሠለጠነ ዓይን እየታዩ ነው፤ እስካሁን ትንፋሽ ያጠረው አንሶላ አልተገኘም። ላይ በሕፃናት ክፍሉ ደግሞ የጉንፋን ወራት ስለሆነ አልጋው ሁሉ ሞልቷል፣ ጀማሪዎቹ ነርሶች ሕፃን በከበደባቸው ቁጥር ደረጃውን እየዘለሉ ወደ መጋዘኑ ይወርዳሉ። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ብቻ ናት፦ ሲስተሯን ወደ ክፍላቸው ይመልሱልን። የእኛው ልጅ ድኖ ወጥቷል፤ እኔ የምለምነው አሁን በዚያ አልጋ ላይ ስለተኛው፣ ስሙን ስለማላውቀው የሰው ልጅ ነው። ውድድሩንም ቢሆን አይስጉ፤ ዝም ያሉ ልጆች በሞሉበት ክፍል የተገኘ አንደኝነት የሚፈልግ ወላጅ ያለ አይመስለኝም።

ከወንበርዎ ከፍታ በላይ ከፍ ባለ አክብሮት፣ ውድ ጊዜዎንና የበለጠ ውድ ጸጥታዎን ስለወሰድኩ እጅ እየነሣሁ፣ ጫማዎ ከቱቦ ርቆ በሰላም እንዲረግጥ እየተመኘሁ የምሰናበትዎ፣

የዚያ ጯሂ ሕፃን አክስት

ማስታወሻ፦ ከትናንት ወዲያ ሾፌርዎ በሆስፒታሉ የጓሮ በር ገብቶ ሲስተር መለከትን ከመጋዘኑ ወደ ቤትዎ ይዞ መሄዱን የልብስ አጣቢዎቹ አጫውተውኛል፤ የልጅዎ ልጅ ደረቱን ታሞ እንደነበርም ሰምቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይማረው። እንዴት እንዳደረ ሲስተሯን ብጠይቃቸው «የታማሚ ነገር አይወራም» ብለው በሩን ዘጉብኝ። ለጸጥታው ሽልማት ሰው ካጡ፣ እነሆ እሳቸውን ጠቁሜዎታለሁ።