ከማማው ላይ

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ ሙዐዊያ፤ ሎግያ እንዴት ይዛሃለች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

ሚስትህ ራቢዓ ወሯ ገብቷል። ጤና ጣቢያ «ኮሮና ነውና ከሚያስል ሰው ራቂ» ስላሏት ቤቱን ለእሷና ለእናቷ ትቼ ማሽላው መሀል ማማ ላይ ሰንብቻለሁ። ወፉን ስሰድበው እውላለሁ፤ አይመልስልኝም። ራቢዓ ምግቤን ከማማው ራቅ ካለው ግራር ሥር አስቀምጣ ትመለሳለች። ይኸንንም እኔ ከላይ እየጮህኩ እሷ ከዚያው ሆና ነው የምትጽፈው። «አባባ፣ ድምፅዎ ምን ሆነ?» ትለኛለች። ወፍ ሳባርር ነው፤ እንደዚያ ብለሽ ጻፊ!

በሚወለደው ሕፃን ጆሮ አዛን የምለው እኔ ነኝ ብዬ ፎክሬብህ ነበር። ትቼልሃለሁ፤ የአባት ወግ ነው። ቶሎ ድረስ። ስትመጣ ቀጥ ብለህ ቤት ግባ፤ እኔን ከግራሩ ሥር ሆነህ ሰላም ትለኛለህ።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ።

አባትህ ሁሴን