በማንጎው ሥር ያልቆምኩበት ረቡዕ

ለምወድሽ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽን አሁንም ያምሻል? ልጆቹን ሳሉ ለቀቃቸው? የእናታችን መቃብር አጥር ዘንድሮ ዝናቡን ቻለው ወይስ እንደ አምናው ዘመመ? እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺ ደህና ከሆንሽ። ይህን ሰላምታ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ሁሉ ስሰጠው ኖሬ፣ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ገና በዚህ ሳምንት ነው። አንቺ ደህና ካልሆንሽ እኔም ደህና አይደለሁም።

ደብዳቤውን ደረቅ ዓሣ ለምትሸጠው ሴትዮ አደራ ብዬ ሰጥቻታለሁ። እንዳልደውልልሽ ስልኩ ያለው በባልሽ በለማኒ ኪስ ውስጥ ነው። እሱ ደግሞ ድምፄን ከሰማ ሳያመሰግነኝ አይዘጋም፤ ምስጋናውን አሁን መስማት አልችልም። አንብበሽ ስትጨርሺ ከፈለግሽ ምድጃ ውስጥ ክተቺው።

"ረቡዕ ጠዋት ድንበሬ ሲለካ በማንጎው ሥር ቁምልኝ፣ ካንተ ሌላ ወንድም የለኝም" ብለሽ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። አልደረሰኝም ብዬ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። ደርሶኛል፣ ያውም በሰዓቱ። ታዲያ ለምን ቀረህ ብትይኝ መልሱ ለራሴም ይምታታብኛል። ከመጀመሪያው ልጀምርልሽና ከገባሽ አንቺ ንገሪኝ።

አሌፋን አግብቼ መንደሯ ከገባሁ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላኝ። እስካሁን "አማች" ነው የሚሉኝ። ስሜን የሚያስታውሱት ሲቆጡኝ ብቻ ነው። ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጡቡን ያቃጠልኩት፣ ቆርቆሮውን በሁለት ዓመት የትምባሆ ምርት የገዛሁት እኔ ነኝ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከሥሩ ተቀምጬ ድምፁን እሰማለሁ፣ የኔ ነው እያልኩ። የኔ እንዳልሆነ ግን አንቺም ታውቂያለሽ። መሬቱ የአሌፋ ነው፣ ከእሷም በኋላ የሁለቱ ሴቶች ልጆቼ። ማውሊዲን ታስታውሺዋለሽ፣ በሠርጌ ከበሮ የመታውን? ሚስቱ በሞተች በአርባኛው ቀን ዘመዶቿ ብርድ ልብሱን አጥበው፣ አጣጥፈው ብስክሌቱ ላይ አሰሩለት። የሰደበው የለም፣ የገፋውም የለም። ብስክሌቱን እየነዳ ወደ እህቱ መንደር ሄደ። ሠላሳ ዓመት የኖረበትን ቤት ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። እኔ ግን ለብዙ ቀን ሳየው ከረምኩ።

ከዚያ ነው ዶክተሩን፣ ያንን ፖለቲከኛ፣ በሬዲዮ የሰማሁት። ለየጓሮው የይዞታ ወረቀት ይሰጣል፣ በወረቀቱም ላይ የባልም የሚስትም ስም ይጻፋል አለ። ለኔ ብቻ የተናገረ መሰለኝ። በቆሎ እየፈለፈልኩ ነበር፤ እጄ ቆመ። በማግስቱ ከዋናው ከተማ የመጣውን የዶክተሩን አደራጅ ጃይሎሲን ፈልጌ አገኘሁትና ምን ላግዝ አልኩት።

ጃይሎሲ ክፉ ሰው አይደለም። የሰሜን ሰው ነው፤ እነሱ ዘንድ ጓዟን ይዛ ባሏ መንደር የምትገባው ሴቷ ናት። ስለዚህ የኛን ነገር የሚያውቀው አንብቦ ነው። ድምፅ ማጉያ ሰጠኝ፣ የዶክተሩ ፊት የታተመበት የወገብ ጨርቅም አንድ እስር አስረከበኝ። ሥራዬ ወረቀቱን በሚጠይቀው ማመልከቻ ላይ የሦስት መቶ ሰው የጣት አሻራ ማሰባሰብ ነበር። "ሕዝቡ ከታች ሆኖ ሲጠይቅ እኮ ፓርላማው ከላይ ሆኖ እምቢ ለማለት ያፍራል" አለኝ። ደስ የሚል አነጋገር ነው። ሳምንት ሙሉ በድምፅ ማጉያው ስለው ከረምኩ።

ወንዶቹ አላስቸገሩኝም። እዚህ ያገባ ወንድ ሁሉ እንደኔው አማች ነው፤ ማውሊዲ ሲሄድ ሁሉም አይቷል። ገና አፌን ሳልከፍት አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ይነክሩ ነበር። ሴቶቹ ጨርቁን በደስታ ወሰዱ፣ በሰልፉም ላይ የዶክተሩን ፊት ወገባቸው ላይ ታጥቀው አቧራ እስኪነሳ ጨፈሩ። ስለ ወረቀቱ ስጠይቃቸው ግን አንዷም ሳትቀር "ወንድሜን ልጠይቅና" ትለኛለች። የመንደሩ ሹም አሮጊቷ ናማሎምባ ደግሞ በረንዳዋ ላይ እግሯን ዘርግታ ንግግሬን እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ "አማች፣ ድምፅህስ ያምራል። እህትህ ጋ ይደርሳል?" አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና በማጉያው "እስከ ተራራው ጫፍ ይደርሳል፣ እማማ" አልኳት። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። ወረቀቱ የሚሰጥበት የመሬት ልኬታ በአንድ ቀን በሁሉም መንደር ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። በአደራጆቹ ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ አንዱ ዛሬ ሌላው በሳምንቱ ከሆነ ሰው ይሰላቻል፣ ወሬም ያበላሸዋል፣ በአንድ ረቡዕ ይለቅ አልኩ። አጨበጨቡ። ጃይሎሲ ብድግ ብሎ ጨበጠኝ። እሱስ የሰሜን ሰው ነው፤ እኔ የት ተወልጄ ነው? አንድ ወንድ በሚስቱ መንደር ባል፣ በእህቱ መንደር ደግሞ የወገኑ ጠባቂ እንደሆነ፣ በዚያ ቀን ሁለት ቦታ እንደሚፈለግ እንዴት ጠፋኝ? ረሳሁት እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ አልረሳሁትም፣ ወንድሞቹ እንዳይመጡ ፈልጌ ይሆናል እላለሁ። እውነቱን ነው የምልሽ፣ የቱ እንደሆነ አላውቅም።

መልእክትሽ የደረሰኝ ሰኞ ነው። ማክሰኞን ሙሉ ስባዝን ዋልኩ። ልሂድ ብል የአሌፋ መሬት ላይ ስሜ ሳይጻፍ ሊቀር ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቅሁት ቀን። ልቅር ብል አንቺ ብቻሽን ልትቆሚ ነው። ሄጄስ ምን ልል ነው? የለማኒ ስም አይጻፍ ልል? እዚህ ሦስት መቶ ሰው ፊት የባል ስም ይጻፍ ብዬ የጮህኩት ሰውዬ? ለማኒም እኮ እናንተ መንደር የቅርንጫፉ አስተባባሪ ሆኖልሻል። የሚናገረውን ከኔ ነው የቀዳው፣ ቀልዱን እንኳ ሳይለውጥ።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ሸሚዜን ለብሼ ወጣሁ። መንገዱ በብስክሌት ተሞልቷል። የኔ ሰዎች ናቸው፣ አሻራ የሰጡኝ፣ ጨርቁን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው እየሄዱ። አንዱን መሪውን ይዤ አቆምኩትና ወዴት ነው አልኩት። "እህቴ ጋ" አለኝ። ዛሬ እኮ ነው ልኬታው፣ ስምህስ ብለው "ስሜማ እህቴ መሬቷን ካጣች ምን ያደርግልኛል? አንተስ አትሄድም እንዴ?" አለና ፔዳሉን ረገጠ። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ሁሉም እህቴ ጋ ነው የሚሉት። አንዱማ ወደዚያው እየሄደ "ለየጓሮው ወረቀት" ብሎ መፈክሩን አሰማልኝ፤ ሊያሾፍብኝ ይሁን ከልቡ አልገባኝም።

ፀሐይ ሳይጠነክር መንደሩ ውስጥ የቀረው ባል እኔና አንድ እግሩ የተሰበረ ሽማግሌ ብቻ ነበርን። ቀጥሎ ደግሞ በዚያው መንገድ ሌሎች ብስክሌቶች መግባት ጀመሩ። የሴቶቹ ወንድሞች ናቸው። እነሱም አንገታቸው ላይ የዶክተሩን ጨርቅ አድርገዋል፤ በየሚስቶቻቸው መንደር እነሱም እንደኔ አሻራ የሰጡ፣ ያሰጡ ናቸው። ጃይሎሲ ከለኪዎቹ ጋር በመኪና ሲደርስ በየድንበሩ ወንድ ቆሞ አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። "አደራጅ ማለት እንዳንተ ነው" ብሎ አቀፈኝ። እነዚያም መፈክሩን አብረውት ጮሁ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ወደ እህቱ ድንበር ተመልሶ ለለኪው የባሏ ስም አይጻፍ አለው። ጃይሎሲ ወደኔ ዞሮ "እነዚህ ከኛ ጋ ናቸው ወይስ አይደሉም?" አለኝ። ከኛ ጋ ናቸው አልኩት። ውሸት አይደለም። እነሱም ከኛ ጋ ነን ነው የሚሉት። እስካሁን ሳስበው ራሴን ያዞረኛል።

የአሌፋ ወንድም ፋይሰን ከወንዙ ማዶ መጣ። እንደ ወጉ ቁጢጥ ብሎ፣ እጁን ቀስ አድርጎ እያጨበጨበ ሰላም አለኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ በቆሎው ጠየቀኝ። ከዚያ ድምፁን ሳያነሳ "አማች፣ የእህትህን ድንበር ለማን ትተህ ነው እዚህ የቆምከው?" አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አሌፋ ከጎኔ ነበረች። ማለዳ "በሁለታችንም ስም ይሁን፣ ቤቱን ሠርተሃል" ብላኝ ነበር፣ በገዛ አፏ። ለኪው የማን ስም ይጻፍ ሲላት እኔን አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ወደ ለኪው ዞራ "የኔና የሴቶች ልጆቼ" አለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት "የእናቱን ልጅ ብቻዋን የተወ ሰው ልጆቼን ምን ያደርጋቸዋል?" አለችኝ። አልጮኸችም። ፋይሰንም አልሳቀም። ልቆጣ ብዬ ነበር፤ ግን እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አልል ነበር? በእሱ ቦታ መሆን እኮ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፣ አንቺ ጋ።

እኩለ ቀን ላይ ለማኒ ደወለ። "ጋሼ፣ እናንተ ባታስተምሩን ይሄን አናይም ነበር። ስሜ ከላይ ተጽፏል፣ የሷ ከታች" አለኝ። ለኪው ወንድሟ የት ነው ብሎ ጠይቆ ነበር አሉ። ለማኒም "ወንድሟማ ይህን ሥራ የሚመራው ሰው ነው፤ ቢቃወም ይመጣ ነበር" ሲለው ሰዉ ሁሉ እውነት ነው አለ። አንቺ ምን እንዳልሽ ጠየቅሁት። "እሷማ መንገድ መንገዱን ስታይ ነበር" አለኝ። እህት ዓለም፣ ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ ከየቱ ልጀምር?

ጃይሎሲ ለዶክተሩ ጽሕፈት ቤት በጻፈው ሪፖርት የኛ መንደር ከሁሉም በልጧል። ለአውራጃው አደራጅነት አጭቶኛል። ፎቶውንም አሳየኝ። መሐል ላይ ድምፅ ማጉያውን ይዤ ቆሜያለሁ፣ በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ የሌላ ሴት ወንድም ነው። ማን አሸነፈ ብለሽ ብትጠይቂኝ አልመልስልሽም።

ከዚህ ሌላ አዲስ ነገር የለም። ድምፅ ማጉያውን መልሻለሁ። የብስክሌቴን የኋላ ጎማ ለጥፌዋለሁ። አሌፋ በዚህ ሳምንት ሰኞ ብርድ ልብሴን አጥባ አሰጣችው፤ እጠቢልኝ አላልኳትም። ዛሬ ጠዋት ደርቆ፣ ታጥፎ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት ስትሄድ ከወትሮው አጥብቃ አቀፈችኝ። ትናንት ዘንቦ ነበር፤ የቆርቆሮው ድምፅ ያው ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከጓሮሽ ጥግ ያለችው የአጎታችን ጎጆ አሁንም ቆማለች? ጣሪያዋ ቢያፈስም ግድ የለኝም። ልገባባት ብመጣ ግን ፈቃድ የምጠይቀው አንቺን ነው ወይስ ለማኒን? ወረቀቱ እንዴት እንደሚነበብ ሰዉን ሳስተምር የከረምኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ግን ያ ወረቀት ለኔ ምን እንደሚል አላውቅም።

ዝናቡ በልኩ ይጣልልሽ። በቆሎሽን ተምች አይድረስበት። የእናታችን አፈር ከላይሽ ክፉውን ያርቅልሽ፣ ሴቶች ልጆችሽም በተወለዱበት ደጅ ያርጁ። ቅዳሜ ጠዋት በማንጎው ሥር እቆማለሁ። እስክትጠሪኝ ድረስ ድንበሩን አላልፍም።

ወንድምሽ