አይሸጥም

ልጄ፣ የኔ አባት፣ የረገጥከው ይለምልምልህ፣ የያዝከው ይባረክልህ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና ነን ስልህ ደግሞ ዛሬስ እውነቴን ነው። ተኩሱ ጋብ ብሎ መንገዱ ተከፈተና የእርዳታ መኪናው ገባልን! ዱቄቱን ከነጆንያው ሳይ የጉልበቴን ሕመም ረስቼ እልል አልኩ።

አባትህን ታውቀዋለህ፤ ልብስ ሰፊ ነውና ባዶ ጆንያ አይቶ እጁ አያርፍም። ለጎረቤታችን ለአናጢው ሱሪ ሰፋለት። ምን ዋጋ አለው፣ ጆንያው ላይ የተጻፈው «አይሸጥም» የሚለው ቃል ልክ መቀመጫው ላይ ቁጭ አለ! ሰፈርተኛው በሳቅ ፍርስ አለ። ሚስቱማ «ድሮስ ማን ሊገዛልኝ!» ብላ ጨረሰችን።

ያ ቤታችሁን ካልሸጣችሁ እያለ የሚጨቀጭቀን ደላላም ሰሞኑን ተመልሶ መጣ። እውነቱን ልንገርህ፣ የራበን ጊዜ እሺ ልንለው ትንሽ ነበር የቀረን። አሁን ግን አባትህ አንዷን ጆንያ አመጣና፣ ጽሑፏን ወደ ውጭ አድርጎ በሩ ላይ በሚስማር መታት። ደላላው አነበባትና ዞሮ ሄደ።

አንተ ብርድ እንዳይመታህ ካፖርትህን ቆልፍ፣ ሳትበላም አትተኛ። መስታወቱ የረገፈው የክፍልህ መስኮትም የጆንያ መጋረጃ ተሰፍቶለታል። የሱን ጽሑፍ ግን አባትህ ወደ ውስጥ፣ ወደ አልጋህ አዙሮታል።

አምላክ ክፉ አያሳይህ፣ በሰላም ያገናኘን። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ሲመችህ መጥተህ፣ አልጋህ ላይ ጋደም በልና አንብበው።

እናትህ