የታጠበችው ፔኒ

ሰኞ፣ መጋቢት 7፣ አመሻሽ

ከኦክላንድ ወደብ አሁን ገባሁ። ቀኑ በጭነት መኪናዬ ሰልፍ ስጠብቅ አለቀ። ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ ድሮዎቹ የአውስትራሊያ ፔኒ ሳንቲሞቼ ሮጥኩ። በፈረንጅ 1920 የተሠራችውን የኔን ፔኒ ከሚስተር ኮሊን የ1920 ፔኒ ጎን ላያት ነው። የሳቸው ከታችኛው ጌጥ በላይ ነጥብ አላት፣ የኔ የላትም። እኛ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ለዚያች የመርፌ ጫፍ ለምታህል ነጥብ ነው የምንሞተው። ሽማግሌው የአባታቸውን ሳንቲም ከሳን ሆዜ ድረስ አምነው አዋሱኝ።

ሣጥኑን ከፈትኩ። ማስታወሻዬ፣ አለቀልኝ። ቡናማዋ ፔኒ እንደ አዲስ የመዳብ ሽቦ ታብለጨልጫለች። እማዬ ናት። በሎሚና በጨው ፈትጋት። የተዋስኳት መሆኗን እኔው ነግሬያታለሁ። «የሰው ዕቃ እንዲህ ቆሽሾ ይመለሳል እንዴ ልጄ?» አለች። የኔን አልነካችም፤ የራስህ ነው ብላ። ደስ ብሏታል። አመሰገንኳት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ስሜን ደብቄ ሰብሳቢዎቹን የኢንተርኔት ግሩፓችን ላይ የታጠበ ሳንቲም ቀለሙ ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የሁሉም መልስ አንድ፦ ያ ቀለም በዘመን ብዛት የመጣ ነው፣ አይመለስም። አንዱ ብቻ የተቀቀለ እንቁላል ያጠቁራል አለ። ከእንቁላል ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ዘጋሁባት። ተዝጎርጉራ ወጣች! አሁን ደግሞ የኔም እጅ አለበት። ምን ዓይነት ደደብ ነኝ?

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ሚስተር ኮሊን ደወሉ። ቅዳሜ ይዘሃት ና አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ነጥቧን ማየት ካቆሙ ቆዩ። ቀለሟን ግን ይለያሉ፤ «በአባቴ ኪስ ውስጥ የጠቆረች» ይሏታል።

የኔዋም ቡናማ ናት። ብቀይርባቸው ማን ያውቃል? ይህን በማሰቤ ራሴን ጠላሁት። ማሰቤን ግን አላቆምኩም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12፣ ጠዋት

እማዬ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ካልሄድኩ ብላለች። ዳቦ ጋግራለች፤ የሰው ዕቃ እንዴት በባዶ እጅ ይመለሳል ብላ። እንግሊዝኛ ስለማትችል እንድነግርላት አዝዛኛለች፦ በእጄ ነው ያጠብኩልዎ፣ የአባትዎን ነፍስ ይማር።

የኔዋን ፔኒ ኪሴ ከትቼ ነበር። አሁን አውጥቼ ሣጥኗ ውስጥ መለስኳት። ዝጉርጉሯን ይዣለሁ። የእማዬን ቃል አንድም ሳልቀንስ እተረጉምላቸዋለሁ። የእንቁላሉን ጥፋት የኔ ነው እላለሁ። ከዚያ ወዲያ በሩን ቢዘጉብኝም…

እማዬ እየጠራችኝ ነው።