አረቦ የሚለው ስም

ጳጉሜ 2 ቀን 1964

ገብሱ አሽቷል። ዝናቡ ግን አልለቀቀንም...

እኔ አረቦ ቱሳ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ የልጄ የሁሴኖ ሚስት ሀጂራ ትጽፋለች። እንዳልኩት ጻፊ፣ አታሳምሪው ብያታለሁ።

ሬዲዮኑ ስለ ጀርመን አወራ። ፍልስጤሞች የእስራኤል ስፖርተኞችን ይዘው ብዙ ሰው ሞተ አለ። ሁሴኖ እዚያው አገር ነው፣ መካኒክነት የሚማረው። ሀጂራ፣ "ከተማው ሌላ ነው" አለች። አገሩ ሰፊ ነው አልኩ እኔም።

መስከረም 28 ቀን 1965

ኢዶሳ ከጀርመን መጣ። ከሚሲዮኖቹ ግቢ አጠገብ የሚኖሩት ሰው ልጅ፣ ከሁሴኖ ጋር የሚማረው። አባቱ ሞተውበት ለለቅሶ ነው።

"ጋሽ አረቦ፣ ጀርመን አረብ እያባረረ ነው" አለኝ።

"እኛ ታዲያ ምናችን አረብ ነው?"

"ስምዎ።"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ፖሊስ ፓስፖርት ሲያይ "ሁሴኖ አረቦ" ይላል። ኢዶሳን አሳለፉት፣ የኔን ልጅ ለብቻው አስቀመጡት። የመኖሪያ ወረቀቱን ያዙበት። ደግሞ አብሮት የሚኖር አንድ ፍልስጤም ተማሪ አለ፤ ከአንድ ድስት ነው የሚበሉት።

እና ምን ላድርግ? ኢዶሳ እንደሚለው፣ ፓስፖርቱ ሁሴኖ ቱሳ እንዲል ፍርድ ቤት ሄጄ የሁሴኖ አባት ቱሳ ነው ላስብል ነው። ቱሳ የኔ አባት ነው፣ ከሞተ ስንት ዘመኑ... አረቦን ያወጣልኝ የየመን ነጋዴ ነው። በተወለድኩ ማታ ቤታችን ያደረ እንግዳ። ለጀርመን ብዬ ልፋቀው?

"ስሜን ካልወደደ ጆሮውን ይድፈን" አልኩት።

ሀጂራ ቀና ብላ አላየችኝም።

ጥቅምት 21 ቀን

እስከ ዛሬ ያልተጻፈው ሀጂራ እምቢ ብላ ነው። "ስምዎን ይዘው ይቀመጡ፣ ጸሐፊም ይፈልጉ" አለችኝ። ይህንንም ጻፊ፤ ብለሻል።

ዛሬ ግን ሬዲዮኑን ሰምታ ራሷ መጣች። አውሮፕላን ተጠልፎበት ጀርመን ስፖርተኞቹን ከገደሉት የያዛቸውን ሦስት ተኳሾች ለቋል። ተኳሹን በአውሮፕላን ሸኘ፣ ተማሪውንም በአውሮፕላን እያባረረ ነው። ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው? የእስራኤልን ሐዘን የሚክሰው በማን ሊሆን ነው... እጁ ላይ በቀረው ነዋ። ማን ቀረ?

"ሁሴኖ ቀረ" አለች ሀጂራ።

ጥቅምት 23 ቀን

ፍርድ ቤት ሄድን። ጎረቤቶቼ ከዲሮና ገብረ መድህን መሰከሩ።

ጸሐፊው፣ "የሁሴኖ አባት ማን ናቸው?" አለኝ።

"ቱሳ።"

"በሕይወት አሉ?"

"ሞቷል።"

"እርስዎስ ምኑ ነዎት?"

ገብረ መድህን አንገቱን ደፋ። ከዲሮ በክርኑ ጎሸመኝ።

"ወንድሙ ነኝ" አልኩ።

"ዕድሜያችሁ ተራራቀሳ?"

"ሰውዬው እስከ መጨረሻው ጎበዝ ነበሩ" አለ ከዲሮ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ጫንኩ። ወረቀቱን ኢዶሳ ይዞት ይሄዳል።

ኅዳር 20 ቀን

ቴሌ ጠሩን። ሁሴኖ ነው።

"አባ፣ ወረቀቴን መለሱልኝ። ቀረሁ።"

"ያ ፍልስጤም ጓደኛህስ?"

ስልኩ ተንጫጫ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር...

"ወሰዱት። ከቤት ሲያወጡት ታውቀዋለህ ወይ አሉኝ።"

"ምን አልክ?"

"አላውቀውም አልኩ። እሱ ቆሞ እየሰማኝ።"

ምን ልበለው? ከማን ተማርከው ልል ነው? አባቱ ሞቷል ብዬ የፈረምኩ ሰው... ደግ አደረግክ እንዳልለው አፌ እምቢ አለኝ። ከዚያ መስመሩ እውነትም ተቆረጠ። ሀጂራ አጠገቤ ቆማ ተራዋን ስትጠብቅ ነበር። ደኅና ነው፣ አልተባረረም አልኳት። እዚያው ቴሌ ውስጥ እልል አለች። ስንመለስም ጋሪው ላይ ስትስቅ ነው የመጣችው።

ሌላውን አልነገርኳትም። አሁን ስትጽፈው ነው የምትሰማው።

እጇ ቆመ።

ጻፊ... አላውቀውም አልኩ፣ ነው ያለው።