በፌርፋክስ ፌርማታ የለጠፍኳት ወረቀት

ሰኞ

«ለወዳጅ ዘመድ በሙሉ፦ በፌርፋክስ ጎዳና ለረጅም ዘመን ሲያገለግለን የኖረው አውቶቡስ፣ ባደረበት የተሳፋሪ እጦት ምክንያት፣ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ በዚህ ፌርማታ መቆሙን እንደሚያቋርጥ የምንገልጸው በታላቅ ሐዘን ነው።»

ደራሲዋ እኔ ነኝ። ሐሳቡን ያገኘሁት ከያሲን ነው። ያሲን የአክስቴ ልጅ ነው፤ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ፣ አውቶቡስ ይነዳል። እዚያ አውቶቡሱ የካምፓኒዎች ነው አሉ፤ መስመሩ ካላዋጣቸው ምሰሶው ላይ ወረቀት ይለጥፉና ደህና ሰንብቱ። የአንዱን ፎቶ ሴንድ አደረገልኝ። ሶ እኔም እዚህ አሜሪካ በአማርኛ ፕሪንት አድርጌ፣ የምሠራበትን ሱቅ ማህተም አደብዝዤ መትቼ፣ ሐበሻ የሚበዛበት ፌርማታችን ላይ ቴፕ አደረግኩት። እሁድ አነሳዋለሁ። ለሳቅ ነው።

ማክሰኞ

አምስት ሰው አነበበው። አንድም የሳቀ የለም። ጎረቤታችን ጋሼ ከማል መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ፣ ድጋሚ አነበበና «አሜሪካ በአማርኛ ከጻፈልን ነገሩ የምር ነው» አለ። ሱቅ ገብቼ ከጤፍ ከረጢቱ ጀርባ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ረቡዕ

እትዬ ዘሀራ ሱቅ መጣች። በዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር ፓሳዴና እየሄደች አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። መኪና አትነዳም።

«ለአሮጊቷ ልጅ ደውዬ ከሰኞ ጀምሮ አልችልም አልኳት» አለችኝ። «ሰው ማንጠልጠል አልወድም፤ ቀድማ ሌላ ትፈልግ።»

አራት ዓመት የሠራችበት ቤት ነው።

«ምነው፣ ዛሬ አትለክፊኝም?» አለችኝ።

እንደወጣች ወረቀቱን ልቀድ ሮጥኩ። የለም። በቦታው ሌላ ተለጥፏል፤ ቢጫ፣ በእንግሊዝኛ፣ የአውቶቡሱ ድርጅት የእውነት አርማ ያለበት። ከላይ በትልቁ፦ ይህ ፌርማታ ከሰኞ ጀምሮ ዝግ ነው።

ይህን እኔ አልጻፍኩም።

ሐሙስ

ሰኞ ገና ሳይደርስ ሰዉ ሌላ መንገድ ፈልጓል መሰለኝ፣ ጠዋት ፌርማታው ላይ ማንም የለም። አውቶቡሱ ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ አለፈ።

ለያሲን ደወልኩ። ይስቃል ብዬ ነበር። «እኛ ጋ መስመር እንዲህ ነው የሚሞተው» አለኝ። «መጀመሪያ ወሬ፣ ከዚያ ባዶ ወንበር፣ ከዚያ ወረቀት። አንቺ ልጅ፣ ሰዎቹን ያባረርሽው አንቺ ነሽ።»

«በሁለት ቀን መስመር ይዘጋል እንዴ?»

«የእናንተን አገር እኔ ምን አውቄ!»

ምሳ አልበላሁም። እትዬ ዘሀራ በዚህ ዕድሜዋ ሌላ ቤት ከየት ታገኛለች? ጋሼ ከማልስ ማህተሙን ቢያውቀው? ቢጫውን ወረቀት የጠራሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማን!

ዓርብ

የአሮጊቷ ልጅ ሌላ ሴት አግኝታለች። ነገ ልትሞክራት ነው። ይህን ስሰማ እትዬ ዘሀራ ቤት ሄድኩ። ሰግዳ ምንጣፏን እያጠፈች ነበር።

«እትዬ፣ የአማርኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አጥፋ ጨርሳ ምንጣፉን በቦታው አስቀመጠችው።

«ቢጫውንስ?»

«ወላሂ እሱን አላውቅም።»

«ስልክሽን አውጪ። ለልጅቷ በራስሽ አፍ ንገሪያት።»

ነገርኳት። «ነገ እደውላለሁ» ብላ ዘጋችው። እትዬ ዘሀራ በሩን ከፈተችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ቢጫውን ወረቀት እስከ ታች አነበብኩት። (ኮሌጅ ያቋረጥኩት ረጅም ነገር ማንበብ ስለሚደክመኝ ነው፤ እስካሁን የተሸበርኩት በርዕሱ ብቻ ነው።) የእግረኛ መንገዱ ስለሚጠገን ፌርማታው ሦስት ቀን ይዘጋል። አውቶቡሱ ከመብራቱ ወዲያ ይቆማል። ሄጄ ለካሁት፤ ስልሳ እርምጃ።

ከሰዓት እትዬ ዘሀራ ጋ ሆኜ ከፓሳዴና ተደወለ። እናትየዋ አዲሷን ሴት በር ላይ አቁማ «ዘሀራስ?» እያለች አላስገባም ብላለች። ሰኞ እንደ ወትሮው ነይ ተባለች።

እትዬ ዘሀራ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። «ሰኞ ከንጋቱ አስራ አንድ ተኩል አዲሱ ፌርማታ ላይ ትቆሚያለሽ። የመጣውን ሁሉ፣ ውሸቴን ነው እያልሽ ታሳፍሪያለሽ።»

«እትዬ፣ በአስራ አንድ ተኩል እኮ ሰው አይነቃም።»

«እኔ ሰው አይደለሁም?»

ኦኬ። እቆማለሁ።

እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሦስት ቀን፣ ስልሳ እርምጃ። ሳምንቱን ሙሉ የተጨነቅኩት ለዚህ ነው።