የዳማዋ እግር

ይድረስ ከሰው ሁሉ ለምትበልጭብኝ የልጄ ልጅ፤

እንዴት ከርመሻል? የወልድያ ሙቀት አልጎዳሽም? እኔ አምላክ ይመስገን አለሁ። ይቺ የደረቴ ሳልም ደህና ናት፤ እንደ ደግ ሚስት ከአልጋዬ አትለይም።

ይህን በስልክ ብነግርሽ ገና ሳልጀምር ትጮኺብኛለሽ፤ በወረቀት ግን እስክጨርስ ትሰሚኛለሽ። እየተመላለስክ ታከምባት ብለሽ የገዛሽልኝን ዳማ በቅሎ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠኋት።

ቁጭ በይ ብያለሁ።

ባለፈው ክረምት ከገደሉ ሥር፣ ቆላ ያለችው ይማርሽ አራስ ሳለች ልጇ ታመመባት። ክርስትና ሳይነሣ እንዳይሞትብኝ ብላ ባሏን ቄስ ጥራ ብላ ላከችው። አባ ኢያቄምን ታውቂያቸዋለሽ፤ ሲሰግዱ ጉልበትዎ ከዲያቆኑ በላይ ይዘምራል እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። መቋሚያቸውን ተደግፈው ያን ገደል ወረዱ። ሲደርሱ ሕፃኑ አልፏል፤ ያልተጠመቀ ደጀ ሰላም አይገባምና ማሳው ዳር ቀብረውታል። ይማርሽ አልወቀሰቻቸውም፤ እግር ውሃ አቀረበችላቸው። አባ ይህን ሲነግሩኝ አለቀሱ። እኔም ከዚያ ወዲህ በጉልበታቸው አልቀለድኩም።

ለንግሡ ዳማዋን ስለት አድርጌ አስገባኋት። ወጉን ታውቂዋለሽ፤ ስለት የገባ ከብት እዚያው ለጨረታ ይቀርባል። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ታፈረ ከሰንጋዎቹ ጎን አስሯት፣ ከዋጋዋ ለጣሪያው ቆርቆሮ እንገዛለን እያለ መጣራት ጀመረ። እኔ እያሳልኩ ስነሣ ሰው ልጫረት መስሎታል።

«ስለቴ እግሯ ነው እንጂ ዋጋዋ አይደለም» አልኩ።

ታፈረ ተቆጣ። ጣሪያው እንደሚያፈስ አላውቅም ወይ አለኝ። እንዴት አላውቅም፣ የሚንጠባጠበው በእኔው መላጣ ላይ ነው! ቆርቆሮ ግን ቆላ አይወርድም አልኩት። ሰው ሳቀ። አባ አልሳቁም፤ መጥተው ልጓሟን ያዙ። ከዚያ በኋላ ዋጋ የጠራ የለም። ጣሪያውም እስካሁን ያፈሳል፤ ታፈረም ሰላምታዬን አይመልስም።

በቀደም እዚያው ቆላ ሌላ አራስ ልጇ ታሞባት፣ አባ በዳማዋ ወርደው በቤቷ አጠመቁላት። ልጁም ዳነ። ይማርሽ አራሷን ልትጠይቅ መጥታ ደጅ የታሰረችውን በቅሎ አንገቷን አቅፋ ስታለቅስ ዋለች አሉ።

ታዲያ አንተ በምን ልትታከም ነው ትያለሽ። ለመጨረሻ ጊዜ ስሄድ ሐኪሙ መድኃኒት አልጻፈልኝም። የወደድከውን ብላ፣ ከዘመድ ወዳጅህ ጋር ተጫወት ብሎ እጄን ጨብጦ ሸኘኝ። ከዚህ የበለጠ ደህና ወሬ ከየት ይመጣል? ለፋሲካ እመጣለሁ ያልሽውን ግን እስቲ ቀደም አድርጊው። ጨዋታ ታዟል።

ስትመጪ አባን እንዳትቆጪ። ትናንት ንስሐዬን ሊሰሙ በእግራቸው መጡ። ዳማዋስ ብላቸው፣ ለሩቁ ሰው ትረፍ ብዬ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነኝ፤ ከእንግዲህማ ይበልጥ ቅርብ እሆናለሁ።

የላሊበላ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ። ዳገት ላይ ከበቅሎው ወርዶ አንቺን የሚያስቀምጥ ባል ይስጥሽ።

አንቺን በምንም ጨረታ የማይሰጥ
አያትሽ